ዲዮስቆሮስ በ880 ጎዳና ላይ

ከኦክላንድ ሳን ሆዜ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ880 አውራ ጎዳና መንገዱ ሲቀና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ሳይቀና ሲቀር ግን፣ ማለትም በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ፣ ሰዓቱን ፈጣሪ ይወቀው። ቤቱን እዚያ፣ ሥራውን እዚህ ያደረገ ኢትዮጵያዊ በሳምንት አሥር ሰዓትና ከዚያም በላይ መሪ ጨብጦ ይቀመጣል። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳው ይህን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ድሮ ያ ሰዓት በካሴት መዝሙር ይሞላ ነበር፤ ቀጥሎ የዩቲዩብ ስብከትና የአገር ቤት ፖለቲካ መጣ። ፖለቲካው ያንገሸገሸው፣ ስብከቱም ከትምህርት ይልቅ ሙግት የሆነበት ሰው ሌላ መሸሻ ይፈልጋል። የኦክላንድም የሳን ሆዜም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በስልክ በኩል የድምፅ መጽሐፍ በነፃ ያውሳሉ። ሊቢ የተባለውን መተግበሪያ ከፍቶ «የክርስትና ታሪክ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው የሚመጣለት ዝርዝር ረጅም ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የራሱ ቤተ ክርስቲያን ምን መልክ ይዛ እንደምትጠብቀው ግን ሰፍሮ የመረመረው ጥቂት ነው።

ብዙ ጊዜ ፊት ላይ የሚመጣው በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የዴርሜድ ማከሎክ የክርስትና ታሪክ ነው። ጸሐፊው በኦክስፎርድ ያስተማረ ታሪክ አዋቂ ነው። ንዑስ ርእሱ «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሺህ ዓመታት» ይላል፤ ትረካውን ከቤተልሔም ሳይሆን ከክርስቶስ ልደት አንድ ሺህ ዓመት ቀደም ብሎ ከግሪክና ከእስራኤል ስለሚጀምር ነው። በድምፅ ከ40 ሰዓት ይበልጣል፤ ለ880 ተጓዥ የአንድ ወር ስንቅ ማለት ነው። ኢትዮጵያ የራሷን ንዑስ ክፍል የምታገኘው በሰባተኛው ምዕራፍ፣ የኬልቄዶንን ጉባኤ እምቢ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት በሚተረኩበት ቦታ ነው። ክፍሉ አጭር ነው። ቢሆንም ከብዙ የምዕራብ መጻሕፍት የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ማከሎክ «ሞኖፊዚት» የሚለውን የቆየ ስም ትቶ «ሚያፊዚት» ይላል፤ ለምን እንደተወውም ያስረዳል። የመጀመሪያው ቃል ባላንጣዎች የለጠፉት ነው፤ ሥጋው በመለኮቱ ተውጦ ቀረ ብለው ያምናሉ የሚል ክስ አዝሏል። ሁለተኛው የቅዱስ ቄርሎስን አነጋገር ይከተላል፤ ከሁለት ባሕርይ የሆነ፣ በተዋሕዶ አንድ ማለት ነው። ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየት ሲባል ያደገ የሰንበት ተማሪ ይህን የሚያክል ታላቅ መጽሐፍ ስሙን አስተካክሎ ሲጠራው መስማቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በጆሮ የማንበብ ጣጣው ያኔ ይጀምራል። በእንግሊዝኛ «ሞኖ» እና «ሚያ» ማለት የጥቂት ፊደል ልዩነት ነው። ወረቀት ላይ ዓይን ይይዘዋል፤ ከባድ መኪና በቀኝ እያለፈ፣ መውጫው እየቀረበ ጆሮ ይስተዋል። የኅዳግ ማስታወሻ በድምፅ አይነበብም። የቃላት ማውጫም የለም። የታተመውን የያዘ ሰው በማውጫው «ኢትዮጵያ» የሚለውን ፈልጎ በአንድ ቁጭታ የሚመለከተውን ሁሉ አንብቦ ይነሣል። አድማጩ ግን ንዑስ ክፍሉ ካለፈ በኋላ እስኪመለስ በሮም ሊቃነ ጳጳሳት፣ በፍራንኮች ነገሥታት፣ በቁስጥንጥንያ ሥዕል ሰባሪዎች በኩል ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ይህ ጉዳት ይመስላል፤ የድምፅ መጽሐፍ ትልቁ ውለታ ግን ሳይሆን አይቀርም። መዝለል ያልቻለ ሰው ጎረቤቶቹን ይተዋወቃል። አርመኖች፣ ሶርያውያን፣ ቅብጦች በአንድ እምነት የተሰለፉ እንደነበሩ በምዕራፉ ስፋት ይረዳል። በቤይ ኤርያ የአርመንም፣ የቅብጥም፣ የሕንድ ማላንካራም አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የአንድ እምነት ልጆች መሆናቸውን ሳያውቅ በበራቸው ለዓመታት የሚያልፍ ምእመን ብዙ ነው።

የጊበን ነገር ሌላ ነው። የሮም መንግሥት አወዳደቅ የሚለው መጽሐፉ ከ1776 እስከ 1788 እ.ኤ.አ. ታትሞ አለቀ፤ የባለቤትነት መብቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ስለዚህም ሊብሪቮክስ በተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሙሉውን በነፃ ማዳመጥ ይቻላል። ነፃ ስለሆነም ይዛመታል። ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በሚተርከው 47ኛ ምዕራፍ ኢትዮጵያውያን ለሺህ ዓመት ያህል ዓለምን ረስተው አንቀላፍተው ነበር የሚለው ዝነኛ ዐረፍተ ነገር አለ። እንቅልፍ ባለው ዘመን ላሊበላ ተፈልፍሏል፤ ክብረ ነገሥት ተጽፏል፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በ1424 እ.ኤ.አ. መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጽሟል፤ ዘርዐ ያዕቆብ በሰንበት ጉዳይ ሊቃውንቱን ሰብስቦ አከራክሯል። በዘመናዊ እትም ቢሆን አራሚ ከግርጌ አንድ መስመር ያስገባ ነበር። ማይክ ፊት የተቀመጠው በጎ ፈቃደኛ ግን የተጻፈውን ያነባል፤ በተራኪ ድምፅ ውስጥ ደግሞ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ሥላቅ የእውነት ቃና ይይዛል። እግረ መንገድ፣ ጊበን ለኬልቄዶን አባቶችም አልራራላቸውም፤ ያላፌዘበት ወገን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ይህም ለአድማጩ አንድ ማጽናኛ ነው።

እውነተኛው ፈተና ዲዮስቆሮስ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀድስባቸው አሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል። መስከረም 7 ቀን ስንክሳሩ ዕረፍቱን ያስባል። በሊቃውንቱ ዘንድ በሚተረከው ታሪክ በኬልቄዶን ጉባኤ ፊት አልበገርም ያለ፣ በንግሥቲቱ ትእዛዝ ጥርሱ የረገፈ፣ ጽሕሙ የተነጨ፣ ያንንም ሰብስቦ የሃይማኖቱ ፍሬ እንዲሆን ወደ እስክንድርያ የላከ ሰማዕት ነው። ጉባኤውም ጉባኤ ከለባት ተብሏል። ኢትዮጵያ በዚያ ጉባኤ ወኪል አልነበራትም፤ ነገር ግን ጳጳሷ ከእስክንድርያ ይመጣ ስለነበር ውጤቱ የእርሷም ሆነ። አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ እስከተሾሙበት እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ያ ሰንሰለት አልተበጠሰም።

በእንግሊዝኛው ትረካ የሚሰማው ሌላ ሰው ነው። በ449 እ.ኤ.አ. በኤፌሶን ጉባኤውን በሰብሳቢነት መራ፤ መነኮሳትና ወታደሮች ጳጳሳቱን አስፈራሩ፤ የቁስጥንጥንያው ፍላቭያኖስ ተሻረ፤ ተደበደበ ይባላል፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የሮሙ ልዮን ያንን ጉባኤ የወንበዴዎች ጉባኤ አለው። እንዲያ ከሆነ ሁለቱም ወገን የሌላውን ጉባኤ የሚጠራበት ስድብ ነበረው ማለት ነው፤ አንዱ ወንበዴ ሲል ሌላው ውሻ አለ። ስለዚህ ዘመን ለሰፊው አንባቢ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ሁሉ የታወቀው በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የፊሊፕ ጄንኪንስ መጽሐፍ ነው። ገና በንዑስ ርእሱ አራት ፓትርያርኮችን፣ ሦስት ንግሥታትንና ሁለት ነገሥታትን ቆጥሮ ክርስቲያኖች ለሚቀጥለው 1,500 ዓመት የሚያምኑትን የወሰኑት እነዚህ ናቸው ይላል። ጄንኪንስ ጥሩ ተራኪ ነው፤ ምናልባት ከመጠን በላይ ጥሩ ነው። የቤተ መንግሥቱ ሴራ፣ የመነኮሳቱ ዱላ፣ የንግሥታቱ ቅናት ሰውን ከመቀመጫው አያስነሣም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ሃይማኖቱ ራሱ፣ ማለትም ሰዎቹ ለምን ለአንድ ቃል እስከ ሞት እንደተሟገቱ፣ የሴራው ማጀቢያ ሙዚቃ ሆኖ ይቀራል።

እሑድ በቅዳሴ ስሙን ሲሰማ የኖረ ሰው ሰኞ ጠዋት በመኪናው ውስጥ ይህን ሲሰማ ሁለት ቀላል መንገድ አለው። አንዱ «ነጮች ስለ እኛ ምን ያውቃሉ» ብሎ ማጥፋት ነው። ሌላው «ለካ ሲዋሹን ኖረዋል» ብሎ ቤተ ክርስቲያኑን መተው ነው። ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ ጉድለት ነው፤ መጽሐፉን አቁሞ የሚጠይቀው ሰው በአጠገቡ የለም። ቢኖር ኖሮ አንድ ቁም ነገር ይነግረው ነበር። ኬልቄዶን ዲዮስቆሮስን የሻረው በመናፍቅነት አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ባለመምጣቱና ሥርዐት ተላልፏል በመባሉ ነው። ይህንን በጉባኤው ላይ የተናገረው የቁስጥንጥንያው አናቶልዮስ ራሱ ነው። ተሽሮም ወደ ጋንግራ ተሰደደ፤ በ454 እ.ኤ.አ. እዚያው ዐረፈ። ለፍርዱ ደግሞ የሚመዘን ሌላ ነገር አለ፦ የአገር ቤቱ ትረካ የዲዮስቆሮስን ጥርስ ሲቆጥር የፍላቭያኖስን ሞት አያነሣም። ሰማዕት የሆነ ሰው ጉባኤ ሲመራ ያጠፋው ጥፋት ሊኖር ይችላል ብሎ ማሰብ ክህደት አይደለም፤ ስንክሳሩ ራሱ ወድቀው በተነሡ ቅዱሳን የተሞላ ነው።

ይህ ሁሉ በወረቀትም ያጋጥማል ሊባል ይችላል። ልዩነቱ ድምፅ ነው። በወረቀት ላይ ዲዮስቆሮስ ስም ነው። በሠለጠነ ተራኪ አፍ ግን ድምፅ ትንሽ ወፈር ይላል፣ ትንሽ ይጠቁራል፤ ተንኮለኛው መጣ ማለት ነው። አድማጩ ጸሐፊው ያልጻፈውን ፍርድ በተራኪው ቃና ይቀበላል።

ከዚያ የቃላቱ ጉዳይ አለ። በእንግሊዝኛ ለባሕርይ የሚሉት ቃል ለተራ ሰው ጫካና ተራራ ማለት ነው፤ ለአካል የሚሉት ደግሞ መታወቂያ ያለው ግለሰብ ነው። ሳን ሆዜ የተወለደ ወጣት «ሦስት ግለሰብ፣ አንድ ተፈጥሮ» እያለ በልቡ ቢሰማ አይፈረድበትም። ወደ እናቱ ቢሄድም ከችግሩ አያመልጥም። በዕለት ተዕለት አማርኛ «ባሕርይ» ጠባይ ነው፤ ባሕርዩ መጥፎ ነው እንላለን። «አካል» ደግሞ እጅና እግር ነው። የነገረ ሃይማኖቱ ትርጉም የቆየው በትርጓሜ ቤት ነው፤ በዚያ ባሕርይ ህላዌ ነው፣ ዕንቈ ባሕርይ ሲባልም ከባሕር የሚወጣው የከበረ ድንጋይ ነው። እናትና ልጅ በሁለት ቋንቋ አንድ ዓይነት ስሕተት ይሳሳታሉ፤ እያንዳንዳቸውም ሌላው የተሳሳተ ይመስላቸዋል።

የሚያስገርመው ይህ ሕዝብ ለማዳመጥ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ስንክሳርም፣ ገድልም፣ ተአምረ ማርያምም የተጻፉት ቆሞ ለሚሰማ ሕዝብ ነው። የትርጓሜ መጻሕፍት ተማሪ ለብዙ ዘመን ትምህርቱን የተቀበለው በጆሮው ነው፤ አንዱ ተማሪ ግዕዙን ያነባል፣ መምህሩ ንባቡን በአማርኛ ይፈታል፣ ቀጥሎም «አንድም» እያለ ሌላ ፍቺ፣ ሌላም ፍቺ ይጨምራል። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት፤ አራቱም ጉባኤ በዚህ መንገድ ተሻገረ። የሐዋርያት ሥራ የሚነግረን ጃንደረባም ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ በሰረገላው ሆኖ ኢሳይያስን ድምፁን አውጥቶ ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ የሚያነበውን ባይሰማ ኖሮ አይቀርበውም ነበር። በመንገድ ላይ በተሽከርካሪ ተቀምጦ ቅዱስ ጽሑፍን መስማት የኢትዮጵያዊ የቆየ ልማድ ነው ቢባል ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሊቢው መጽሐፍ የጎደለው ፊልጶስ ነው፤ የጎደለውም «አንድም» ነው። አንድ ድምፅ፣ አንድ ፍቺ፣ ወደፊት ብቻ። ያንንም ብዙ ሰው በአንድ ተኩል ፍጥነት ያስሮጠዋል፤ በዕዝል የሚዜመውን አንድ ሐረግ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ኬልቄዶንን በሩጫ ያልፈዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ሥራ አለ፤ የቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን የጻፈው መጽሐፍ። አጭር ነው፤ በእንግሊዝኛ በብዙ ድምፅ ተነቧል፤ አንዱ የታወቀ ትርጉሙ ሲ. ኤስ. ሉዊስ የጻፈለት መቅድም አለው። ለጆሮ የተሠራ ይመስላል፤ ጸሐፊው አንባቢውን ፊት ለፊት እያነጋገረ፣ የተናገረውን መልሶ እየደገመ ይሄዳል። የኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ልጆችም ሉዊስን ተከትለው ወደዚህ መጽሐፍ ይደርሳሉ። ለአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ክህነት ሰጥቶ ወደ አክሱም የላከው ይኸው አትናቴዎስ መሆኑን ግን መጽሐፉ አይነግራቸውም። ኦርቶዶክሱ ልጅ ይህንን ያውቃል፤ ሆኖም ቅዳሴውን እንጂ መጽሐፉን አላነበበም። አንዱ የያዘው ሌላው የሌለው ነው፤ በኦክላንድ አንድ የቡና ጠረጴዛ ቢገናኙ ሁለቱም በአትናቴዎስ ስም ሳይጣሉ አንድ ሰዓት መነጋገር ይችላሉ።

አማርኛው የት አለ? የአማርኛ ጆሮ ለትረካ የሠለጠነ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነበው ያዳመጠ ትውልድ እስካሁን የፊታውራሪ መሸሻን ድምፅ በእርሱ ድምፅ ነው የሚያስታውሰው። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በድምፅ ተቀርጿል። ልብ ወለድ በስልክ የሚተርኩ መተግበሪያዎች መጥተዋል። በነገረ ሃይማኖትና በቤተ ክርስቲያን ታሪክ በኩል ግን አድማጩ የሚያገኘው በአብዛኛው ስብከት ነው፤ ስብከት ደግሞ መጽሐፍ አይደለም፤ የዕለቱን ሕዝብ አይቶ ይነገራል፣ ምንጩን አይጠቅስም፣ ለተቃራኒው ቃል አይሰጥም። የአቡነ ጎርጎርዮስ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ቀስ ብሎ በጥሩ ድምፅ ቢነበብ፣ የጌታቸው ኃይሌ ባሕረ ሐሳብ ቢነበብ፣ የታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ የታተመው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ጥናት በተማረ ሰው አማርኛ ሆኖ ቢነበብ፣ አድማጩ ማከሎክን የሚመዝንበት ሚዛን ያገኝ ነበር። ቅባትና ጸጋ የተባሉት ወገኖች ለምን ተከራከሩ፣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ ፊት ምን ተወሰነ የሚለውን ከእንግሊዝኛ የድምፅ መጽሐፍ በወጉ የሚያገኝ ሰው ዕድለኛ ነው።

«አማርኛ ይሻላል» ብሎ ነገሩን መዝጋት ግን አይቻልም፤ የሚከለክለውም ራሱ ጄንኪንስ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጠፋው የክርስትና ታሪክ በሚለው መጽሐፉ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ የሰሜን አፍሪካ ቤተ ክርስቲያን፣ የአውግስጢኖስ አገር፣ ከእስልምና መምጣት በኋላ ፈጽማ ስትጠፋ የግብጿ ለምን ቆየች? መልሱ በከፊል ቋንቋ ነው። የካርታጎ ክርስትና የከተማና የላቲን ነበር፤ ወደ ገጠሩ በርበር ሕዝብ አልወረደም። የግብጹ በገበሬው ቋንቋ በቅብጥ ሥር ሰደደ። ይህን ክፍል በ880 ላይ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ግዕዝ አለን፣ አማርኛ አለን፣ ሥራችን ጥልቅ ነው ይላል። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ በመስታወት ሲያይ ስሌቱ ይገለበጣል። ለዚያ ልጅ የአባቱ አማርኛ የከተማ ላቲን ነው፤ የገበሬው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ያንን አባት ያበሳጨው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ «ሚያ» እና «ሞኖ» እየተምታታበት፣ ጸጋን «ሰጋ» እያለ የሚያነብለት ተራኪ፣ ልጁን ወደ ዲዮስቆሮስ ስም የሚያደርሰው ብቸኛው መንገድ ሊሆን ይችላል። በአጥቢያው ቅዳሴው በግዕዝና በአማርኛ ሲደረስ ልጁ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ወዳለው የእንግሊዝኛ ትርጉም ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ የሚያብራራለት ጊዜ ያለው ካህን ሁሌ አይገኝም።

ለሚጀምር ሰው ማከሎክ ከጊበን ይሻላል፤ ከመጀመሪያው ሳይሆን ከሰባተኛው ምዕራፍ ቢጀምር የበለጠ ይሻላል፤ የግሪኩ ፍልስፍና በኋላ ይደርሳል። ጄንኪንስን ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚመርጥ የጠፋውን ታሪክ ይያዝ፤ የጉባኤው ሴራ ያለበት ብቻውን ሲሰማ ያሳስታል። ጊበን ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ለሳቅ ይሁን። አትናቴዎስ ግን በአንድ ተኩል ፍጥነት አይሆንም፤ ከሄይዋርድ እስከ ፍሪሞንት መንገዱ ሲቆም፣ መኪናው እንደ ቆመ፣ በራሱ ልክ ይሰማ።